ፒዲኤፍ መጫን ኮርስ ማዘጋጀት አይደለም፦ ስለ ኦንላይን የርቀት ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሞጁሉ አለ። ፒዲኤፍ አድርገን እንጫነው፣ በቃ ኮርሱ ኦንላይን ሆነ።»

አልሆነም። ሞጁሉ ከወረቀት ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ ተማሪው ዛሬም ብቻውን ነው። የሁለት ሰዓት ሌክቸር ቀርጾ መጫንም ያው ነው፤ ያውም ፓኬጅ ይጨርሳል።

«ለየተማሪው የሚስማማ ኮርስ ለመሥራት የግድ ኤአይ ያስፈልጋል።»

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተማሪ የት ጋ እንደሚሳሳት የሚያውቅ አስተማሪ ነው። የስታትስቲክስ ኮርስ ነው እንበል። የ5 ሠራተኞች ደመወዝ በሺህ ብር፦ 5፣ 80፣ 4፣ 6፣ 5። ሚዲያኑ፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር፣ ስንት ነው? መልሱ 5 ነው። 20 ያለው ሚዲያንን ከአማካይ ጋር አምታቷል። 4 ያለው ግን ነገሩ ገብቶታል፤ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሳይደረድር መሃል ያለውን አነሳ። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ የሚያስፈልጋቸው ማብራሪያ ግን ለየቅል ነው። በነፃ የሚገኘው የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር ሙድል «ሌሰን» በሚባለው ክፍሉ እያንዳንዱን መልስ ወደየራሱ ገጽ ይልካል። በትክክል የመለሰው ደግሞ ይለፍ እንጂ፣ የሚያውቀውን ለምን ይደግማል?

«አንዱ በማየት፣ ሌላው በመስማት ይማራል።»

በየሥልጠናው የማይጠፋ አባባል ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቶቹን ገምግመው ተማሪን በዚህ ከፋፍሎ ለማስተማር በቂ ማስረጃ አላገኙም። ይልቅ ቀድሞ የሚያውቀውን ጠይቁት።

«ቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል፤ ይተባበሩ።»

የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ አሳይመንቱን ይሠራል፣ ሦስቱ «ስሜን ጨምርልኝ» ይላሉ። ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሆኖ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳሷ ኦስቲን ያስጀመረው ዘዴ እያንዳንዱ ተማሪ ሌላው ጋ የሌለ የትምህርቱን ቁራጭ እንዲይዝ ያደርጋል። ለርቀት ተማሪ ይሄ እንዲያውም ይመቻል። የደሴዋ፣ የጅማውና የሐዋሳዋ ተማሪ በየከተማቸው ገበያ የጤፍ ዋጋ ለ2 ሳምንት ይመዝግቡ። ከዚያ ሚዲያኑን አብረው ያውጡ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ይከራከሩ። የጅማው ልጅ ካልመዘገበ የጅማ ዓምድ ባዶውን ይቀራል፤ ማንም አይሞላለትም።

«አብሮ መሥራት ማለት ዙም ላይ መገናኘት ነው።»

የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ በዚያ ሰዓት የት ትገኛለች? የጤፍ ዋጋው ሠንጠረዥ በጋራ ሰነድ ላይ ይቀመጥ፣ ሁሉም በተመቸው ሰዓት ይሙላ፤ ቀነ ገደቡ ግን ቁርጥ ያለ ይሁን። ዙሙን ለክርክሩ አቆዩት፣ እሱም መብራት ካለ።