ስማቸው ሲፈታ፦ የመሐል አዲስ አበባ በዓላት

ጳጉሜን ላይ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግር ሂዱ። አስፋልቱ ዳር ቄጤማ በእስር በእስር ተደርድሮ ይሸጣል። ከጎኑ አደይ አበባ አለ። ክረምቱ ገና ጠቅልሎ አልወጣም፣ የቄጤማው ሥር ጭቃ እንደያዘ ነው፣ ሻጮቹ እናቶች ደግሞ ውኃ እያርከፈከፉ "ለበዓል እኮ ነው፣ ጨምራችሁ ውሰዱ" ይላሉ። በዓል መድረሱን ከካላንደር በፊት የሚነግረን ይሄ ነው።

ከተማችን ዓመቱን ሙሉ በዓል አያጣትም። ብዙዎቻችን ግን እናከብራለን እንጂ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። እኔ የምወደው መንገድ ስሙን መፍታት ነው። አብዛኛው የበዓል ስም ውስጡ አንድ ታሪክ ይዟል።

እንቁጣጣሽ ሲባል የሚነገረው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። ከሰለሞን ዘንድ ስትመለስ መኳንንቱ "እንቁ ለጣጣሽ" ብለው ገጸ በረከት ሰጧት ይባላል። ይሄ አፈ ታሪክ ነው፣ ደስ ይላል። የቀኑ መነሻ ግን ሰማዩና ውኃው ውስጥ ነው። መስከረም 1 የክረምቱ ማብቂያ ነው። የግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖችም አዲስ ዓመታቸው ከእኛው ጋር አንድ ቀን ነው። የጥንት ግብፃውያን ዓመታቸውን ከአባይ ሙላት ጋር ያያይዙት ነበር። ያ ሙላት ደግሞ ከየት ይሄድ ነበር? ከእኛ ተራሮች፣ ከእኛ ክረምት። ስለዚህ እዚህ ዝናቡ ሲያባራ እዚያ ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ ሁለቱም ሕዝብ "አዲስ ዓመት" አለ። 30 ቀን ያላቸው 12 ወራት፣ ከዚያ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን፤ ይሄም የጋራ ነው። አበባየሆሽ እያሉ በር የሚያንኳኩት ሴቶች ልጆችና ሥዕል ስለው የሚያድሉት ወንዶች ግን የእኛው ብቻ ናቸው።

ደመራን ደግሞ እንየው። "ደመረ" ማለት ሰበሰበ፣ አንድ ላይ አደረገ ማለት ነው። ስሙ የእሳቱ ሳይሆን የችቦው ክምር ነው። ታሪኩ የ4ኛው መቶ ዘመን ነው፦ ንግሥት እሌኒ የተቀበረውን የክርስቶስን መስቀል ስትፈልግ ደመራ አስደምራ ዕጣን አጨሰችበት፣ ጢሱ ወጥቶ ወደ ምድር ሲመለስ ቦታውን አሳያት። መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለው መስቀል አደባባይ የሚሞላው ይሄን ለማሰብ ነው። የሰንበት ተማሪዎች ነጭ ለብሰው ይዘምራሉ፣ ካህናቱ ደመራውን ይዞራሉ፣ ጸሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር ይለኮሳል። አደይ አበባው ከጫፉ ሲቃጠል ልዩ ሽታ አለው። ከዚያ ሁሉም ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ መሐል ያለው ግንድ ወዴት እንደሚወድቅ ይጠብቃል። የወደቀበት አቅጣጫ ለመጪው ዓመት ምልክት ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። ዝናብም ጠብ ሲል ማንም አይከፋም፣ "ደመራውን ሊያጠፋ መጣ" ይባላል። አመዱ በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2013 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ደርግ በነበረ ጊዜ ያው ቦታ አብዮት አደባባይ ይባል እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

በዚያ ሰሞን መርካቶ ብትሄዱ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ገብቷል። ክትፎው፣ አይቡ፣ ቆጮው ያለው እዚያ ነው። ወላይታ ጊፋታን፣ ጋሞ ዮ መስቀላን የሚያከብሩትም በዚሁ ወቅት ነው። ክረምት ሲወጣ ደስ የማይለው ገበሬ የለም፣ እያንዳንዱ በየቋንቋው ስም አወጣለት።

የኦሮሞ ኢሬቻም ከዚሁ ወቅት ነው። ክረምቱን በሰላም ላሻገረ ዋቃ፣ ለፈጣሪ ማለት ነው፣ ምስጋና ነው፣ በአባ ገዳዎች ምርቃት ይከፈታል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ ሆራ ፊንፊኔ ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ቅዳሜ እዚህ፣ በማግሥቱ እሑድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ነው። ሰው እርጥብ ሳርና አደይ አበባ ይዞ ውኃ ውስጥ ይነክራል። ልብ በሉ፦ ከሳምንት በፊት ደመራው ጫፍ ላይ የነበረው ያው አደይ ነው። አንድ ሰፈር፣ አንድ አበባ፣ ሁለት በዓል። እኔን ይሄ ነገር ሁሌ ልቤን ይነካኛል።

ገና ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው፣ ልደት ማለት ነው። ለምን ታኅሣሥ 29 ሆነ? ፈረንጆቹ የሚያከብሩበት ዲሴምበር 25 በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ሲሰላ ከእኛ ታኅሣሥ 29 ጋር ይገጥማል። ዛሬ በሁለቱ መካከል 13 ቀን ልዩነት አለ። ፒያሳ አካባቢ ያለችው የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ ጃንዋሪ 6 ያከብራሉ። የጥንት ክርስቲያኖች ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ሌላው ዓለም ሁለቱን ሲለያይ እነሱ በድሮው ጸኑ። ማለት በብዙ ዓመት የእነሱ በዓል ከእኛ ገና በአንድ ቀን ይቀድማል፣ እኛ ዶሮ ስንገነጥል እነሱ ቀድሰው ጨርሰዋል። የገና ጨዋታስ? ጫፉ የቆለመመ ዱላና ሩር ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚባለው ያን ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታ ስለማያስቀጣው ነው።

ከተራ የሚለው ቃል "ከተረ" ከሚለው ነው፣ ውኃ ገደበ ማለት። ጥር 10 ወራጁን ውኃ ገድበው ጥር 11 ለመጠመቂያ ያዘጋጁ ስለነበር ነው። መሐል ከተማ ላይ ይሄ የሚሆነው ጃንሜዳ ነው። ከሰዓት በኋላ የአካባቢው አድባራት ታቦታት በጥላና በዝማሬ ይወርዳሉ። ወጣቶች ከፊት ከፊት ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ታቦቱ ካለፈበት አንስተው ሮጠው እንደገና ፊት ያነጥፋሉ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንዲህ ሲሮጡ የልጆቹ ግንባር በላብ ይጠመቃል፣ አንዱም ግን ቦታውን ለሌላ መስጠት አይፈልግም። ሌሊቱን ታቦቱ በድንኳን ያድራል፣ ንጋት ላይ ውኃው ተባርኮ ይረጫል። የሚካኤል ታቦት በ11 አይመለስም፣ በ12 በቃና ዘገሊላ ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የተባለው ያለምክንያት አይደለም፣ ድሮ ወንዱ ለወደዳት ሎሚ የሚወረውረው እዚያ ነበር። ዩኔስኮ ይሄንንም በ2019 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ከዶሮ ማነቂያ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ ተነስተው ከተማ ዳር የገቡ ሰዎች ለጥምቀት የድሮ ደብራቸውን አጅበው ታገኛላችሁ። ሰፈሩ ፈርሷል፣ የጥምቀት መንገዱ ግን አልጠፋባቸውም።

ፋሲካ ከዕብራይስጡ ፔሳሕ ነው፣ ማለፍ እንደማለት። ቀኑ በየዓመቱ የሚዞረው ጨረቃና ፀሐይ ተሰልተው ስለሆነ ነው፣ ስሌቱ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ከፊቱ 55 ቀን ሁዳዴ አለ። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን፣ ዓርብ ስግደት፣ ቅዳም ስዑር ጠዋት ቄጤማ በግንባር ይታሰራል። እሑድ ሌሊት ዶሮው 12 ብልት ሆኖ ይጠብቃል። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ጥሎ በመደብ የሚካፈለው ቅርጫም አለ። ቅርጫ ሥጋ ብቻ አይመስለኝም፣ የተኳረፈ ጎረቤት ሳይታረቅ አብሮ አይካፈልማ።

ዒድ በዐረብኛ ከ"መመለስ" ጋር የተያያዘ ቃል ነው፣ በየዓመቱ የሚመለስ። የሂጅራ ዓመት ጨረቃን ስለሚከተል ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፣ ስለዚህ ረመዳን በ33 ዓመት ውስጥ ክረምትም በጋም ይዞራል። የዒድ ጠዋት የአዲስ አበባ ስታዲየም ይሞላና ሰጋጁ ወደ ለገሃርና ወደ መስቀል አደባባይ ይፈስሳል። ተክቢራው እስከ ሩቅ ይሰማል። ለአረፋ የታረደው ሥጋ ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ አንዱ ለድሃ ነው። እነዚህ በዓላት የመንግሥት በዓል የሆኑት ግን በትግል ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ በዚህች ከተማ አደባባይ ወጥቶ እኩልነቱን ጠየቀ፣ ክርስቲያኖችም አብረውት ተሰለፉ። ከአብዮቱ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ሥራ የሚዘጋባቸው ሆኑ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በረመዳን የጎዳና ኢፍጣር የሚነጠፈው ደመራው በሚነድበት በዚያው መስቀል አደባባይ ነው።

የአገር በዓላቱም መሐል ከተማ ላይ ናቸው። የካቲት 23 ዓድዋ ነው፣ ቦታው ምኒልክ አደባባይ። ድሉ የሆነው በጊዮርጊስ ዕለት ነውና የአራዳ ጊዮርጊስ ከዚያ ትዝታ አይለይም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው አጠገብ ነው። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ በ1929 በጣሊያን ለተጨፈጨፉት አበባ ይቀመጣል። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን አራት ኪሎ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ልክ በ5 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ደብረ ታቦር፣ ጌታ ብርሃኑን የገለጠበት። ጅራፍ ማጮህ ከተማ ውስጥ እየቀረ ነው፣ "ሆያ ሆዬ" ግን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይም ይሰማል፣ አውራጁ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ዱላቸውን ሲሚንቶው ላይ ይመታሉ። ድሮ የሚሰጣቸው ሙልሙል ነበር፣ አሁን ብር ነው። ብሩን ስጡ፣ ግን እባካችሁ ሙልሙልም ጋግሩ። አንድ ጎረቤታችን እናት አሁንም ይጋግራሉ። ባለፈው አንዱ ትንሽ ልጅ ትኩሱን ተቀብሎ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያገላበጠ፣ እፍ እፍ እያለበት፣ "ዓመት አውዳመት" ሲሉ ከጓደኞቹ ጋር መዝፈኑን አላቋረጠም።