የነፍሰ ጡር በሽታ መከላከያ፦ ከወባ እስከ ሾተላይ

ነፍሰ ጡር ስትታመም "መከላከያዋ ደክሞ ነው" ይባላል። ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። መከላከያዋ አይተኛም፤ ሥራውን ይቀይራል።

የጽንሱ ግማሽ ዘር የአባቱ ነው። የባሏ ኩላሊት ቢተከልላት ሰውነቷ ያለ መድኃኒት አይቀበለውም። ጽንሱን ግን ዘጠኝ ወር ይሸከማል። ብሪታኒያዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር ይህን እንቆቅልሽ በ1953 እ.ኤ.አ. አንስቶታል። ቁልፉ ያለው እንግዴ ልጁ ከማህፀን በሚጣበቅበት ቦታ ነው። የእንግዴ ልጁ ሴሎች አብዛኛውን የአባት ምልክት ይደብቃሉ። በማህፀን ግድግዳ ያሉት ነጭ የደም ሴሎችም የእናቲቱ የደም ሥሮች እንዲሰፉ ያግዛሉ። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ የመከላከያውን ቁጣ ያበርዳሉ።

ጎጃም ላይ ጉዳዩ በወባ ጎልቶ ይታያል። የደብረ ማርቆስ ደጋ ወባ ብዙም አያስቸግረውም። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱና በጣና ዙሪያ ግን ሌላ ነው። ወባ የገባበት ቀይ የደም ሴል እንግዴ ልጁ ላይ ይጣበቃል። እዚያ ስለሚደበቅ ከጣት በተወሰደ ደም ላይታይ ይችላል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለቅባቸው አገሮች ይበልጥ የምትጠቃው የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ናት፤ በኋላ ሰውነቷ ይለምደዋል። ጎጃም ውስጥ ግን ወባ ወቅት ጠብቆ ስለሚነሳ ብዙዎች ያን ያህል መከላከያ አያካብቱም። ሦስት አራት የወለደችም አትዘናጋ፤ አጎበሩ ለእሷም ነው። ወባ ከያዛት የደም ማነስ፣ ውርጃና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ሊከተሉ ይችላሉ።

ሾተላይ ሌላው ነው። ልጅ እየወለደች የሚሞትባትን ሴት መንፈስ ያዛት የሚል ዛሬም አለ። አንዱ የታወቀ ምክንያት ግን የደም አለመጣጣም ነው። አርኤች በቀይ የደም ሴል ላይ የሚገኝ ምልክት ነው፤ ያለው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ልጅ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ሊገባ ይችላል። ሰውነቷም አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ነገርን የሚዋጋ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የሚቀጥለውን ግን አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ አልፎ ደሙን ያፈርስበታል። አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ይህን ይከላከላል። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከወሊድ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። አንቲቦዲው አንዴ ከተሠራ ግን መርፌው አይመልሰውም። ስለዚህ የደም ዓይነት በመጀመሪያው ክትትል መታወቅ አለበት። ሴቲቱን መውቀስማ ግፍ ነው።

በዚያው መንገድ ደጉም አንቲቦዲ ያልፋል። እናት የቴታነስ ክትባት ስትወስድ ሕፃኑም ተጠብቆ ይወለዳል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ እንገሩ ይቀጥላል፤ ለአንጀቱ የሚሆን አንቲቦዲ ሞልቶበታል። እንገሩን አልቦ መድፋትና ቅቤ ማላስ ሕፃኑን ይህን ይነፍገዋል።