«ተቋማዊ ተጠያቂነት» ምንድን ነው?

«ተቋሙ ተጠያቂነቱን ወስዷል። ሰውየውን አባሯል፣ ይቅርታም ጠይቋል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሲል ሰማሁ። የሚያወራው በአደራ የተሰጡትን ልጆች ስለደፈረ የሃይማኖት አገልጋይ ነው። ይህን አባባል ጥብቅና ከጀመርኩ ወዲህ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ተጠያቂነት «የሚወሰድ» ነገር አይደለም። ቃሉን እዩት እስቲ። ጠያቂ አለ፣ ተጠያቂ አለ። ጠያቂው ደግሞ ከውጭ መሆን አለበት። ራሱን ጠይቆ ለራሱ የመለሰ ተቋም ገና አልተጠየቀም።

«ያጠፋው አንድ ሰው ነው፤ ተቋም አይበድልም» የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። የደፋሪው ጥፋት አንድ መዝገብ ነው። እዚያ የሚጠየቀው «ማን አደረገው?» ነው። የተቋሙ መዝገብ ሌላ ነው። ማን ያውቅ ነበር? ከመቼ ጀምሮ? ባወቀ ማግስት ምን አደረገ?

አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት አስቡ። ሹፌሩ ጠጥቶ ይነዳና ሰው ይገድላል። እሱ ይታሰራል። አሁን የስምሪት ክፍሉን መዝገብ ክፈቱ። ሹፌሩ ከዚህ በፊትም ሰክሮ ገጭቷል። ተሳፋሪዎች አቤት ብለዋል። የስምሪት ኃላፊው ከጎንደር መስመር አነሳውና ጅማ መስመር ላይ መደበው። የጅማ ተሳፋሪ ይህን አያውቅም። ትኬቱን ቆርጦ፣ ልጁን አቅፎ ይሳፈራል። ለጅማው አደጋ ስምሪቱን የፈረመው ሰው አይጠየቅም?

አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጆን ጌጋን የሚባል የካቶሊክ ካህን ከ1962 ጀምሮ በስድስት ቁምስናዎች (የካቶሊክ አጥቢያዎች) አገልግሏል። ልጅ ሳለን ደፍሮናል ወይም በወሲብ ነካክቶናል ያሉ ሰዎች ከ130 በልጠዋል። በ1984 የቦስተን ሊቀ ጳጳስ በርናርድ ሎው (በኋላ ካርዲናል የሆኑት) ወደ ሌላ ቁምስና ሲያዛውሩት፣ ረዳት ጳጳሱ ጆን ዳርሲ የሰውየውን ታሪክ ጠቅሰው ምደባው ልክ አይደለም ሲሉ ለሎው ጻፉ። ከስምሪት ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው እጁን አወጣ ማለት ነው። ካህኑ ግን እስከ 1993 በቁምስና ሥራ ቆየ። ነገሩ በጋዜጣ የፈነዳው በጥር 2002 ነው። ካርዲናሉም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከመንበራቸው ለቀቁ።

ፖል ሻንሊ የሚባል ሌላ ካህን ደግሞ ነበር። በእሱ ላይ የቀረበ አቤቱታ ከ1967 ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። በ1990 ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄድ ግን ከቦስተን ሀገረ ስብከት የተጻፈለት ደብዳቤ ምንም እንከን የሌለበት ካህን ነው ይላል። ያንን ፋይል ወደ ጎን አድርጎ ያንን ደብዳቤ የጻፈ እጅ አለ። የተቋም ጥፋት ስል ይህን ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ሙያዬ አያስተኛኝም። ቦስተን የምትገኝበት የማሳቹሴትስ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2003 ባወጣው ሪፖርት 789 ሰዎች አቤት እንዳሉ ቆጥሯል። ይህ የአቤቱታ ቁጥር እንጂ የፍርድ ቁጥር አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ዐቃቤ ሕጉ የቤተ ክርስቲያኗን አለቆች በወንጀል አልከሰሰም። በጊዜው የነበረው ሕግ አላስቻለውም። በዚያ ግዛት ካህናት የልጅ ጥቃትን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ የተጣለባቸው በ2002 ነው። «ካልተከሰሱ ንጹሕ ናቸው» የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። በፍትሐ ብሔር በኩል ሀገረ ስብከቱ በ2003 ለ552 ሰዎች 85 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል።

ነገሩ ሃይማኖትን ለመንካት ነው የሚሉም አሉ። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የጂምናስቲክ ሐኪሙ ላሪ ናሳር ባደረሰው ጥቃት በ2018 የ500 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል። ቀሚስም ይልበስ ጋውን፣ ጥያቄው ያው ነው።

ደግሞ ጠያቂ ተገኝቶ ተጠያቂ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ጆን ኤሊስ የተባለ ሰው በልጅነቱ ካህን ላደረሰበት ጥቃት ክስ መሠረተ። የኒው ሳውዝ ዌልስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007 የሰጠው መልስ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያኗ የሕግ ሰውነት የላትም፣ ማለትም በስሟ ልትከሰስ አትችልም፤ ንብረቱን የያዘው የአደራ ቦርድ ደግሞ ለካህኑ ጥፋት አይጠየቅም። አውቶቡሱ በአንዱ ስም፣ ስምሪቱ በሌላው እጅ። ተጎጂው መሀል ሜዳ ቀረ። ይህ በር በዚያው ግዛት በሕግ የተዘጋው በ2018 ነው። በእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ክርክሩ የሚነሳው «በሥራው ላይ» የሚለው ጋ ነው። ያለ ደሞዝ የሚያገለግል ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የአውቶቡሱ ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። አዋቂ ተሳፋሪ ሹፌሩ መስከሩን ካየ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮኻል። ልጅ ይህን ማለት አይችልም። በተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ የደረሰውን ወሲባዊ ጥቃት የመረመረው የአውስትራሊያ ኮሚሽን (ከ2013 እስከ 2017) ከ8,000 በላይ ሰዎችን ለየብቻ አነጋግሯል። ተጎጂዎቹ የደረሰባቸውን ለመናገር በአማካይ 24 ዓመት ገደማ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ ነው «እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» የሚለውን ጥያቄ የማልታገሰው። የይርጋ ሕግ፣ ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ የሚገድበው፣ ለዕዳ ለመሬት ያገለግል ይሆናል። አፉን ለመክፈት 24 ዓመት የፈጀበትን ሰው «ጊዜው አልፏል» ብሎ መመለስ ግን ለተቋሙ ዝምታ ሽልማት መስጠት ነው። እኔ ይርጋ ላይ ስንት መዝገብ ሲሞት አይቻለሁ።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ልጃቸውን አስተማሪዋ ደፍሯታል። ሰውየው ከዚያ በፊት በሌላ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር አድርጎ ነበር። ያኔ ሽማግሌ ገባ። «የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ» ተባለ፣ ገመናው ተሸፈነ፣ ሰውየው በሰላም ተሸኘ። እናትዮዋ ከቦርሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የሥራ ልምድ ማስረጃው ኮፒ ነበር። «በሥራው ትጉህ፣ በሥነ ምግባሩ ምስጉን» ይላል። ቀኑ ሽምግልናው ካለቀ ሦስት ሳምንት አይሞላውም።

ስለ አስተማሪው ብዙ ልጠይቃቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከማኅተሙ ሥር አሳርፈው፦

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?» አሉኝ።