ሽንት ሲያቃጥል፦ የሴቶች ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽንና መድኃኒቱ

ያጣድፋል፣ ተሯሩጠው ሲቀመጡ ግን ጠብ የሚለው ትንሽ ነው፤ እሱም ያቃጥላል። ተነስተው እጅ ሳይታጠቡ ደግሞ ይመጣል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንዴ ይገጥማቸዋል። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባክቴሪያ ፊኛ ለመድረስ ብዙ አይደክምም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አንጀት ውስጥ አርፎ የሚኖረው ኢ. ኮላይ ነው።

ሐኪሞች «ቀላል» የሚሉት ሕመሙ ስለሚናቅ አይደለም። ኢንፌክሽኑ ከፊኛ አላለፈም፣ ሴትየዋም እርጉዝ አይደለችም፣ የሽንት መስመሯም ሌላ ችግር የለበትም ለማለት ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎን መውጋት ወይም ማስመለስ ከመጣ ኩላሊት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት ያስፈልጋል።

ከመድኃኒቶቹ ናይትሮፉራንቶይን ሽማግሌው ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ኢ. ኮላይ ግን እስካሁን ብዙም አልለመደውም፣ ማለትም መቋቋም አልቻለም። ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ሽንት ውስጥ ይከማቻል። ለፊኛ የተመቸው፣ ለኩላሊት ኢንፌክሽን ደግሞ የማይሆነው በዚሁ ጠባዩ ነው። የተለመደው መጠን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ5 ቀን ነው፤ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ሽንት ቡናማ ቢሆን አያስደነግጥም። ኩላሊቷ በደንብ ለማይሠራ ሴት ግን አይታዘዝም።

ኮትሪሞክሳዞል 3 ቀን ይበቃዋል። ሆኖም በአካባቢው ካሉት ባክቴሪያዎች ከ20 በመቶ በላይ ከለመዱት ያለ ምርመራ አይመረጥም። ፎስፎማይሲን ደግሞ 3 ግራም ዱቄት ነው፤ ውኃ ውስጥ በጥብጦ አንዴ መጠጣት ነው፣ አለቀ።

ብዙ ሰው ግን «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይጠይቃል። ለዚህ ሕመም ሲፕሮ ዝንብ በመድፍ ነው። ጅማትና ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው የሚታሰበው። አሞክሳሲሊንም ብቻውን አይመከርም፤ ኢ. ኮላይ ከለመደው ቆይቷል። ካለፈው ሕመም መሳቢያ ውስጥ የተረፉትን ሁለት ፍሬዎች መዋጥማ ባክቴሪያውን ማሠልጠን ነው።

ማቃጠሉ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ይበርዳል። ካልበረደ ወይም ወዲያው ከተመለሰ የሽንት ካልቸር (ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይሠራል። ሕመሙ ከለቀቀ ግን ድጋሚ ምርመራ አያስፈልግም። ምንም ሳያማት ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘባት ሴትም፣ እርጉዝ ካልሆነች፣ በአብዛኛው መድኃኒት አትወስድም።