«ጋዙ አልቋል» ከማለት በፊት፦ ስለ ሂት ፓምፕ ልብስ ማድረቂያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሂት ፓምፕ (በጋዝ አማካኝነት ሙቀትን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግር ሥርዓት) ያለው ልብስ ማድረቂያ ሥራው ሲጓተት፣ ለጥገና የሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ማሽኑን ገና ሳላየው «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላልን» ይሉኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር እበሳጫለሁ፤ ጋዙ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለምና። በታሸገ ቧንቧ ውስጥ ጋዙን በሚገፋው ሞተር፣ በኮምፕሬሰሩ ግፊት እየተዘዋወረ ሙቀትን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያደርሳል እንጂ አይቀንስም። ቧንቧው እስካልተበሳ ድረስ በፋብሪካ የተሞላው ጋዝ ማሽኑ እስኪያረጅ ያገለግላል።

መዘግየቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከአየሩ መንገድ ነው። በእርጥብ ልብሱ መካከል ያለፈው አየር ኢቫፖሬተር የሚባለውን ቀዝቃዛ ክፍል ሲነካ ያዘለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ያው አየር ኮንደንሰር በሚባለው ትኩስ ክፍል እንደገና ሞቆ ልብሱ ወደሚሽከረከርበት ድራም ይመለሳል። ከማጣሪያው ያመለጠ የልብስ ብናኝ ግን እርጥብ በሆነው ኢቫፖሬተር ላይ ይለጠፋል፣ ይደራረባል፣ በመጨረሻም አየሩን ያፍናል።

አንድ ጊዜ ከእኔ በፊት የመጣ ባለሙያ ቧንቧውን ቆርጦ ጋዝ የሞላበትን ማሽን እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ከተሞላም በኋላ አንድ ዙር ልብስ ለማድረቅ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ሽፋኑን ስፈታ የኢቫፖሬተሩ ፊት በወፍራም ብናኝ ተሸፍኖ የአሉሚኒየሙ ቅጠሎች ጨርሶ አይታዩም ነበር። ብናኙን አጽድቼ፣ በግምት የተጨመረውን ጋዝ አስወጥቼ፣ በማሽኑ መለያ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ መዝኜ ስሞላው ማሽኑ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ። የጋዙ መጠን ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ግራም ብቻ፣ አር 290 በሚባለው ፕሮፔን በሚሠሩት ደግሞ ከ150 ግራም የማይበልጥ ስለሆነ፣ በግምት መጨመር ጤነኛውን ማሽን ያበላሻል። ፕሮፔን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑም ቧንቧውን ቆርጦ በእሳት መበየድ ያልሠለጠነ ሰው የሚሞክረው ሥራ አይደለም። ጋዝ በእርግጥ አምልጧል ብሎ የሚያስጠረጥረው የአየሩ መንገድ ንጹሕ ሆኖ፣ ኮምፕሬሰሩም እየሠራ፣ ከእሱ የሚወጣው ቧንቧ የማይግልና በውሃ መያዣው ውስጥ ከቁጥር የማይገባ ውሃ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ቀዳዳውን ፈልጎ ሳይደፍኑ መሙላት ትርጉም የለውም።

«ረዚስታንሱ (በኤሌክትሪክ የሚግለው ማሞቂያ) ተቃጥሏል» የሚሉም አሉ፤ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ማሽኖች ረዚስታንስ የላቸውም። ልብሱ ትኩስ ሆኖ አለመውጣቱም የብልሽት ምልክት አይደለም፤ እነዚህ ማሽኖች በረዚስታንስ ከሚሠሩት ባነሰ ሙቀት፣ በግምት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እንዲያደርቁ የተሠሩ ናቸው።

«ማጣሪያውን ሁልጊዜ አራግፋለሁ» የሚለው መልስ ደግሞ በግማሹ ብቻ እውነት ነው። የልብስ ማለስለሻ በወንፊቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ቅባት ይተዋል። በማጣሪያው ላይ ውሃ አፍስሱበት፤ ውሃው ሳያልፍ ከቆመ አየሩም በደንብ አያልፍምና፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ቦታው አትመልሱት። ይኸው ቅባት በድራሙ ውስጥ ያሉትን የእርጥበት ሴንሰር ብረቶች ሲሸፍን ማሽኑ እርጥበቱን በትክክል መለካት ያቅተዋል፤ እነሱንም በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ይገባል።

ማድረቂያው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜም አለ። 7 ኪሎ ልብስ በማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ በደቂቃ 1400 ዙር ከተጨመቀ ወደ 3.5 ኪሎ ገደማ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ በ800 ዙር ከተጨመቀ ግን ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ትርፍ ውሃ የማውጣቱ ሥራ በማድረቂያው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ማድረቂያውን ከማስፈታታችሁ በፊት የማጠቢያውን የጭመቃ ፍጥነት ተመልከቱ።

«ኢቫፖሬተሩ ራሱን ያጥባል» ተብሎ የተሸጠ ማሽንም ከጽዳት ነጻ አይደለም። ከልብሱ በወጣው ውሃ መታጠቡ የብናኙን ክምችት ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም፤ ብዙዎቹም ከፊት የሚከፈት በር ስለሌላቸው ሽፋናቸውን ባለሙያ መፍታት አለበት። በር ያለው ማሽን ከሆነ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም ከላይ ወደ ታች፣ የቅጠሎቹን አቅጣጫ ተከትላችሁ አጽዱ። የሽቦ ብሩሽና ኃይለኛ የውሃ ግፊት አትጠቀሙ፤ ስሶቹ ቅጠሎች ከታጠፉ አየሩ እንደገና ይታፈናል።