አልቢኖ ፕሌኮ በቤት ውስጥ አኳሪየም

አልቢኖ ፕሌኮ ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የተገኘውና አንሲስትረስ የሚባለው ወገን አባል የሆነ ትንሽ የአምባዛ ዘመድ ነው። ጣናን ወይም ዝዋይን የሚያውቅ አንባቢ አምባዛ ሲባል ለስላሳ ቆዳ ያለው ትልቅ ዓሣ ይታየዋል፤ ይህኛው ግን ሰውነቱ በአጥንት ሰሌዳዎች የተሸፈነ፣ አፉ ከሥር ሆኖ ድንጋይና መስታወት ላይ የሚጣበቅ፣ ሲያድግም ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። ቢጫማ መልኩና ቀይ ዓይኑ ሜላኒን የሚባለውን ጥቁር የሰውነት ቀለም ከማጣቱ የመጡ ናቸው፤ አልቢኖ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ገዢዎች ዓሣውን የሚፈልጉት በአብዛኛው አልጌ፣ ማለትም መስታወትና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን፣ እንዲያጸዳላቸው ነው፤ ብዙው ስህተትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በንጹሕ አኳሪየም ውስጥ የሚገኘው አልጌ ብቻውን ስለማያጠግበው ዝኩኒ፣ ኪያር ወይም ቀቀል ያለ ቆስጣ ሊሰጠው ይገባል፤ ሌሊት የሚመገብ በመሆኑ ምግቡን ማታ ማስገባትና የተረፈውን ጠዋት ማውጣት ይሻላል። የሚፍቀው የእንጨት ጉማጅም ይጠቅመዋል። መስታወቱን ያጸዳል የተባለው ዓሣ ከሥር ብዙ ኩስ ስለሚጥል ግን ጠንካራ ማጣሪያና በየሳምንቱ የውኃውን ሩብ ያህል መለወጥ ግድ ይላል፤ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለው አስቀድሞ መወገድ አለበት።

አዲስ በተሞላ አኳሪየም ውስጥ ወዲያውኑ ማስገባት ተገቢ አይደለም፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪባዙ ሳምንታት ይወስዳል። ከ80 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ መጠን፣ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ሙቀትና ከብርሃን የሚሸሸግበት ጥላ ይስማሙታል። ፕሌኮ የሚለው ስም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚያድጉ ዘመዶቹንም ስለሚያካትትና ከእነዚህም መካከል አልቢኖዎች ስላሉ፣ ከመግዛት በፊት የትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወንዱ ሲጎለምስ አፍንጫው ላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ሥጋማ ጢሞች ያበቅላል፤ ሴቷ ግን ወይ የላትም ወይ አጫጭር ብቻ አሏት። ሁለት ወንዶች በጠባብ ቦታ ስለሚጣሉ አንዱ ይበቃል። ሴቷ ብርቱካናማ ዕንቁላሎቿን በዋሻ ውስጥ ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የወንዱ ነው፤ በክንፎቹ ውኃ እያርገበገበ ይጠብቃቸዋል፣ ጫጩቶቹም አስኳላቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ይቆያል። አልቢኖነት አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ስለሆነ፣ አልቢኖ ከቡናማ ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ ጫጩቶች ሁሉ ቡናማ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።