«ተመስገን» ምንድን ነው?

ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጅማ ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወረደ። የዚህ አገር ዝናብ አያስጠነቅቅም፤ ቆርቆሮው አንዴ ጠብ ካለ ሁለተኛውን ቆሞ የሚሰማ ሞኝ ነው። አንድ ግቢ የምንኖረው እማማ ሸራ ላይ ያሰጡት ቡና ነበራቸው። ሦስት ሳምንት ፀሐይ ጠጥቶ፣ ጆሮ አጠገብ ሲነቀንቁት ፍሬው ከገለባው ውስጥ መንኳኳት የጀመረ ጀንፈል። ሮጠን ሸራውን በአራት ማዕዘን ይዘን ስናነሣ ሲሶው ርሶ ነበር። በረንዳው ላይ ቆመን፣ ውሃው ከነጠላቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ እማማ ተንፈስ ብለው «ኧረ ተመስገን» አሉ።

ደርቆ የነበረ ጀንፈል እንደገና ከራሰ ይሻግታል፤ የሻገተ ቡና ደግሞ ነጋዴው ገና ሲያሸተው ያውቀዋል። ታዲያ ምኑ ነው ተመስገን? እኔም ጠይቄአቸዋለሁ። መልሳቸውን ወደ ኋላ ላቆየውና መጀመሪያ ቃሉን ራሱን እንየው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንለው አይተነው አናውቅምና።

ሰዋስዉ ትንሽ ይገርማል። «ተመስገን» እንደ «ተባረክ» ያለ ቃል ነው፤ ፊት ለፊት ላለ ለአንድ «አንተ» የሚነገር። ለሰው «አመሰግናለሁ» ስንል አድራጊው «እኔ» ነኝ፤ ምስጋናው ከእኔ ይነሣል። «ተመስገን» ውስጥ ግን «እኔ» የለም። አመስጋኙ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ተመስጋኙ ብቻ ቀርቷል። ጨው ላበደረችን ጎረቤት «ተመስገኚ» አንልም። ለወንድም ቢሆን ስሙ ካልሆነ በቀር «ተመስገን» ብሎ የሚጠራ የለም። ቃሉ ለእግዚአብሔር የተተወ ነው። ስለ ትሕትና ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ በአንድ ቃል ውስጥ ራስን እንዲህ አጥፍቶ መናገርን የሚያህል ግን አላገኘሁም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል ነገሩ ትንሽ ይዞራል። እዚያ የምናናግረው ሰውን ነው፤ ስለ እርሱ ለጎረቤት እንመሰክራለን። «እንዴት አደሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ የአገራችን ሰው ስለ ራሱ ምንም ሳይናገር ስለ እግዚአብሔር ይመልሳል። ጉልበቱ ያማል፣ የቤት ኪራይ ደርሷል፣ መልሱ ያው ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ ይህ መልስ ብዙ ድምፅ አለው። ኦርቶዶክሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል፣ ጴንጤው «ጌታ ይባረክ» ይላል፣ ሙስሊሙ ባለ ሱቅ «አልሐምዱሊላህ»። እዚሁ ጅማ መርካቶ አንዱን መንገድ ዳር እስከ ዳር ሰላም እያላችሁ ብትሄዱ ሦስቱንም ትሰሙታላችሁ።

ግእዝ «ስብሐት» እና «አኰቴት» ብሎ ውዳሴንና ምስጋናን በየስማቸው ይጠራል። አማርኛ ሁለቱንም «ምስጋና» በሚለው አንድ ጆንያ ይከታቸዋል። ስለዚህ «ተመስገን» ስንል «ስላደረግህልኝ» እያልን ይሁን «ስለ ማንነትህ» አይለይም። አለመለየቱን እወደዋለሁ። አንዳንድ ቀን የሚያመሰግኑበት ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ቃሉ ግን እንደዚያም ሆኖ ይሠራል።

አኰቴትን ካነሣን አይቀር፣ በቅዳሴ ገና ከመጀመሪያው ክፍል የሚጸለየውን በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራውን ጸሎተ አኰቴት አስቡት። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምራል፤ ለእኛ በጎ ነገርን ያደረገውን እናመስግነው ማለት ነው። ከዚያ ምክንያቱን በግሥ ይደረድራል፦ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፤ መጨረሻው «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፣ እስከዚህች ሰዓትም አድርሶናልና። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ ግሦች አንዱንም እኛ አላደረግነውም። ደግሞም ቤት፣ ሹመት፣ ገንዘብ የሚል ቃል የለበትም። ዝርዝሩ የሚያበቃው በሰዓት ነው፤ ነቅቶ ለመጣና እዚያ ለቆመ ሰው ሁሉ የሚሆን ምክንያት። ሀብታሙም ድሃውም አንድ ላይ ሊሉት የሚችሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ብዙው ወጣት «አመሰግናለሁ» እያለ ትቶታል፤ ጅማ ውስጥ ትልልቆቹ ግን ዛሬም ይሉታል። «ይስጥልኝ» ውስጥ ያችን «ልኝ» አትዝለሏት። እኔ መክፈል አልችልም፤ እዳዬ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ በእኔ ፈንታ እሱ ይክፈልህ ማለት ናት። ሰጪውም «አብሮ ይስጠን» ብሎ ይመልሳል፤ ለብቻዬ አልፈልግም እንደማለት። አንድ ሲኒ ቡና ስለተቀበሉ ብቻ ይህን ያህል ነገር ይባባላሉ።

ኦሮምኛው ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ምስጋና «ገለታ» ነው፤ ማመስገን «ገለታ ገልቹ» ይባላል። «ገልቹ» ማስገባት፣ ወደ ቤት መመለስ ነው። እንግዲህ ምስጋና የሚመለስ ነገር ሆነ፤ እንደ ተዋሱት ዕቃ። እዚህ በየትምህርት ቤቱ ተመስገንና ገለታ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ስማቸው በሁለት ቋንቋ አንድ መሆኑን ስንቶቹ እንደሚያውቁ እንጃ።

ያንን «መመለስ» በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እናገኘዋለን። ዐሥር ለምጻሞች በሩቅ ቆመው ማረን አሉ፤ ኢየሱስም ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ አላቸው፤ ሲሄዱ ነጹ። ዘጠኙ ምንም አላጠፉም፤ የታዘዙትን ነው ያደረጉት፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አንዱ ግን መዳኑን ሲያይ ተመለሰና በግንባሩ ተደፋ። ሳምራዊ ነበር፤ ባዕድ። «አሥሩ አልነጹምን? ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ፈውሱን ዐሥሩም አግኝተዋል፤ ከሰጪው ጋር የተገናኘው ግን አንዱ ነው። ዘጠኙ ቤታቸው ሲደርሱ «ተመስገን» አላሉም ብዬ አላስብም። በእግራቸው ተመልሰው ግን አልመጡም።

አሁን ወደማይወደደው ጎን። በዚያው ወንጌል፣ ከአንድ ምዕራፍ በኋላ፣ ሌላ አመስጋኝ አለ። ፈሪሳዊው ቤተ መቅደስ ቆሞ «እንደ ሌላ ሰው ሁሉ … ወይም እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ይላል። ብዙ ጊዜ ይህን ስናነብ ትዕቢተኛ መሆኑን እናያለን እንጂ ጸሎቱ ምስጋና መሆኑን አናስተውልም። ምንም አልለመነም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመስገን ነው። ይጾማል፣ አሥራት ያወጣል፣ ያመሰግናል። ጸድቆ ወደ ቤቱ የሄደው ግን ደረቱን እየደቃ «ማረኝ» ያለው ቀራጭ ነው።

ይህ ጸሎት ለእኔ ሩቅ አይደለም። አንድ ጊዜ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ፣ በአልጋዎቹ መካከል ሳልፍ አንድ እግሩ የተቆረጠ ወጣት አየሁና በሆዴ «ተመስገን» አልኩ። ወጥቼ አዌቱ ድልድይ ጋ ስደርስ ነው የደነገጥኩት፤ በዚያ ልጅ እግር ነበር ያመሰገንኩት። «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» የሚለው ተረት ለማጽናናት ጥሩ ነው፤ የምስጋና መሠረት ሲሆን ግን ሁልጊዜ ከእኛ የባሰ ሰው ያስፈልገናል። የእሱ ልጅ ካልታመመ የእኔ ልጅ ጤና አይታየኝም ማለት ነው። ደግሞስ የባሰው ራሱ በማን ያመስግን?

ፈሪሳዊውን የሚያድነው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ያነሣው ጥያቄ ይመስለኛል፦ «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» ይህን ለመመለስ ቡና አብቃይ አገር መኖር ይረዳል። በበጋው፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ የቡናው እንቡጥ ተቋጥሮ ይጠብቃል። ዝናብ ካልነካው አይፈነዳም። አንድ ቀን ዘነበ እንበል፤ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ አጋሮ መንገድ ላይ ያለው ቡና ሁሉ ባንዴ ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል። አበባው በጥቂት ቀን ይረግፋል፤ ፍሬው ግን እስኪቀላ ስምንት ዘጠኝ ወር ይወስዳል። ገበሬው ተክሏል፣ ሦስት አራት ዓመት ጠብቋል፣ አርሟል፤ ላቡ እውነት ነው። ያችን ዝናብ ግን አላመጣትም። ከላይ የሚያጠሉለት የዋንዛና የሰሳ ዛፎችም ብዙውን ጊዜ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ናቸው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 በልተህ ስትጠግብ «ጉልበቴ የእጄም ብርታት» ይህን ሀብት አመጣልኝ እንዳትል ተጠንቀቅ ይላል። ማስጠንቀቂያው ለተራበ ሳይሆን ለጠገበ ሰው መሆኑ ነው የሚገርመኝ።

ሲጠፋስ? ነቢዩ ዕንባቆም በለስም ባታፈራ፣ በወይን ሐረግም ፍሬ ባይገኝ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ይላል። እዚህ አገር ይህ ቅኔ ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረው በሽታ በኢትዮጵያ ታየና የብዙ ገበሬ ዛፍ ባዶ ቀረ። የመፍትሔው አካሄድ አስተማሪ ነው። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ መልኮ ያሉ ተመራማሪዎች በሽታው በመታው ማሳ መካከል ጤነኛ ሆነው የቀሩትን ዛፎች እየፈለጉ መረጡ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ መነሻው 74 በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረጡበት ዓመት ነው። የጠቆረውን አልጠቆረም አላሉም፤ የቀረውን ፈለጉ። «በሁሉ አመስግኑ» የሚለውን የተሰሎንቄ መልእክት የምረዳው በዚህ መልክ ነው።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት ገብተን ልጇን የቀበረች እናት ላይ «ተመስገን በይ እንጂ!» ስንል እቃወማለሁ። ቃሉ ከሐዘንተኛው አፍ ሲወጣ እምነት ነው፤ ከእኛ አፍ ሲወጣ መክደኛ። ኢዮብ በምዕራፍ 1 «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» ብሎ ባረከ፤ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ረገመ። አንድ ሰው፣ አንድ አፍ። ወዳጆቹ ደግሞ ደህና የሆኑት መሬት ላይ ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት ነው። ማውራት ሲጀምሩ ተበላሸ።

እማማን በረንዳው ላይ «ምኑን ነው ያመሰገኑት?» ስላቸው በግርምት አዩኝ።

«ዝናቡን መሰለህ እንዴ? ዝናቡንማ አኩርፌዋለሁ። ትናንት ለቅሶ ነበርኩ፤ ትናንት ቢሆን ሸራውን የሚያነሣው አልነበረም። ዛሬ ቤት አገኘኝ፣ አንተንም አገኘህ። ለሱ ነው።»

«እግዜርን ነው ያኮረፉት?»

«ታዲያ ማንን ላኩርፍ ልጄ? የሚያዘንበው እሱ አይደል? ያውቀዋል። እንነጋገራለን።»

ከሰዓት ፀሐይ ወጣች። የራሰውን ለብቻ ለይተን በስሱ አሰጣነው። ወደ አመሻሹ ቡናው ሲቆላ፣ ለቀማ ስትረዳቸው የሰነበተች ልጅ ሒሳቧን ልትቀበል መጣች። ለቃሚ የሚከፈለው በለቀመው ልክ ነው፤ እማማም የየቀኑን ኪሎ በልጃቸው የድሮ ደብተር ጀርባ ላይ ጽፈው ይዘዋል። አንዳንድ ቤት ቡናው እስኪሸጥ ጠብቂ ይባላል፤ ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ጥሩ ሰበብ ነበር። እማማ ገና አቦሉ ሳይቀዳ ከመቀነታቸው ገንዘቡን ፈትተው ሰጧት።

ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«ቁጠሪው።»

«ግድ የለም እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ቁጠሪው እንጂ!» አሉ ጀበናውን እያዘነበሉ። «እግዜር የሚሰጥሽ ሌላ ነው። ይሄ የራስሽ ነው።»

ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ መቁጠር ጀመረች።